ሁለት ጎረቤት ቤቶች፣ አንድ የጋራ ግድግዳ፦ የደብሊንን የጆርጂያን ቤቶች ማንበብና መጠገን

ጥንድ የጆርጂያን ቤት (በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መጀመሪያ የተሠራ) ለማጥናት ወይም ለመጠገን የሚነሣ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝ። ጎን ለጎን የቆሙ ቤቶች ከመንገድ ሲታዩ አንድ ዓይነት ቢመስሉም፣ ብዙ ጊዜ የተሠሩበት ዘመን፣ የሠራቸው እጅና ያሳለፉት ኑሮ ይለያያል። የሚያስተሳስራቸው የጋራው ግድግዳ፣ ጭስ መውጫውና ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ነው። ስለዚህ ምርመራው አብሮ፣ ፍርዱ ግን ለየብቻ መሆን አለበት።

ጥሩ ማሳያ የሚሆኑት በአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ውስጥ በሴንት ስቲቨንስ ግሪን አደባባይ ደቡባዊ ጎን ያሉት ቁጥር 85 እና ቁጥር 86 ናቸው። 85 በአርክቴክት ሪቻርድ ካስል ንድፍ በ1738 ለሂዩ ሞንትጎመሪ ተሠራ፤ 86 ደግሞ በ1765 ለፓርላማ አባሉ ለሪቻርድ ቻፔል ዌሊ። ዓመቶቹ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በመካከላቸው ያለው 27 ዓመት ልስኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ85 ውስጥ የላፍራንኪኒ ወንድማማቾች፣ ፓውሎና ፊሊፖ፣ የግሪኮቹን አምላክ አፖሎንና ሙዛት የሚባሉትን ዘጠኙን የጥበብ አማልክት በግድግዳው ላይ ቀርጸዋል፤ እያንዳንዱ ምስል ክፈፍ ተበጅቶለት ራሱን ችሎ ቆሟል። በ86 መወጣጫ ክፍል ያለው፣ ከሮበርት ዌስት ስም ጋር የሚያያዘው ልስን ግን ክፈፍ አይወድም፤ ወፎችና የሙዚቃ መሣሪያዎች በግድግዳው ላይ እንደ ልባቸው ተበትነዋል። በ1854 ጆን ሄንሪ ኒውማን የመራው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በ86 ተከፈተ፣ ኋላም 85ን ጨመረ፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ሁለቱ ቤቶች የአየርላንድ የሥነ ጽሑፍ ሙዚየም ሆነዋል።

እነዚህ ፊታቸው ድንጋይ ነው። በደብሊን የሚበዛው ግን የጡብ ቤት ነው፦ ከመንገዱ በታች ምድር ቤት፣ ከእሱ በላይ ሦስት ወይም አራት ወለል፣ በየወለሉ ከፊት ሁለት ወይም ሦስት መስኮት፣ ከላይ ፓራፔት የሚባል ጣሪያውን የሚደብቅ አጭር ግድግዳ። የሚከተለው በዋናነት ለዚያ ዓይነቱ ቤት ነው።

ታሪኩን ከወረቀት መጀመር

በደብሊን መንገዶችን የዘረጉት እንደ ሉክ ጋርዲነር ያሉ ባለመሬቶች ነበሩ። ቦታውን ሸንሽነው በረጅም ጊዜ ኪራይ ለግንበኞች ይሰጣሉ፤ ግንበኛው ሠርቶ ይሸጣል ወይም ያከራያል። አንድ ግንበኛ ሁለት ቦታ አብሮ ሲይዝ ጥንድ ቤት ይወለዳል። ውሉ የሚገኘው በ1708 በተቋቋመው የውል መዝገብ ቤት ነው። እዚያ የስሞቹ ማውጫ የተዘጋጀው በሰጪው እንጂ በተቀባዩ ስም አይደለም፤ የገዢውን ስም ይዞ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ወደ ኋላ ተራመዱ፦ መጨረሻ የሸጠው ማን እንደሆነ ያዙ፣ በእሱ ስም ፈልጉ፣ ለእሱ የሸጠለትን ስም ውሰዱና እንደገና ፈልጉ። ስም ከጠፋባችሁ በመንገዱ ስም የሚፈለግበት የመሬት ማውጫ አለ።

ውሉ የቦታውን የፊት ስፋት በጫማ ይሰጣል። አንድ ጫማ 30.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አስሉና ከአንዱ የጋራ ግድግዳ መሃል እስከ ሌላው መሃል በሜትር ለኩ። ልኩ ከገጠመ በውሉ ላይ ያለው ቤት ይኸው መሆኑን ታውቃላችሁ። ካልገጠመ ወይ ቦታው በኋላ ተከፍሏል፣ ወይ የያዛችሁት የጎረቤቱን ውል ነው፤ የመንገድ ቁጥሮች ስለተቀያየሩ ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ከዚያ ካርታ ይመጣል። የጆን ሮክ የ1756 ካርታ ቤቶቹን አንድ በአንድ ያሳያል፤ በ1847 የወጣው ትልቅ መጠን ያለው የመንግሥት የቅየሳ ካርታ ደግሞ የጓሮውን ቅጥያ፣ በረቱንና ደረጃውን ሳይቀር። ለ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች በነፃ በኢንተርኔት ይገኛሉ፤ ስለ ሕንፃው የሚናገረው ቅጽ በፊት ለፊት ስንት መስኮት እንዳለና እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ክፍል እንደያዘ ይመዘግባል። ይህ ተራ ቁጥር አይደለም። በ1800 የወጣው የኅብረት ሕግ የደብሊንን ፓርላማ ከዘጋ በኋላ ባለጸጎቹ ለቀቁ፣ ብዙዎቹ ቤቶችም ክፍል በክፍል ለድሆች ተከራዩ፤ በ1911 በሄንሪየታ ጎዳና ቁጥር 14 ብቻ 100 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ቤታችሁ ያን ዘመን ካለፈ የተቆረጡ በሮች፣ በየክፍሉ የተጨመሩ ምድጃዎች፣ ወለል ላይ የተበሱ የውሃ መስመር ቀዳዳዎች ይጠብቋችኋል፤ የት እንደምትፈልጓቸው ቅጹ ይነግራችኋል።

ቤቱ ራሱ የሚናገረው ዘመን

ጆርጂያን የሚባለው ዘመን ከ1714 እስከ 1830 ነው፤ መቶ ዓመት አልፎ ተርፎ ይሄዳል። በዚህ ውስጥ የእናንተ ቤት የት ላይ እንደሚወድቅ ለማወቅ መጀመሪያ የመስኮቱን መስታወት የሚከፋፍሉትን ቀጫጭን እንጨቶች ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ለኩ። በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ ወደ 38 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ፣ በ1800 አካባቢ ወደ 16 ይቀጥናሉ። በተንሸራታቹ ክፈፍ ጥግ ወደ ታች የወጣ ትንሽ ቀንድ ካለ ያ መስኮት የቪክቶሪያ ዘመን (ከ1837 እስከ 1901) ነው፤ ከባዱን ሰፊ መስታወት ለመሸከም የመጣ ነው። ግድግዳው የ1760ዎቹ ሆኖ መስኮቱ የ1860ዎቹ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በመስኮት ብቻ አትፍረዱ። የመወጣጫው ዘንጎች መጀመሪያ ወፍራምና በማሽን እየተሽከረከሩ የተቀረጹ፣ በኋላ ቀጭንና አራት ማዕዘን ናቸው። ከበሩ በላይ ያለው ሰፊ የማራገቢያ ቅርጽ መስታወት የክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ምልክት ነው።

አንድ ነገር ግን በልዩ ጥንቃቄ ፈልጉ። ከጆርጂያን ጡብ ጀርባ የቆየ ቤት ሊኖር ይችላል። ከ1740ዎቹ በፊት በደብሊን የተለመደው ቤት መንገዱን የሚያይ ባለ ሹል ግንባር ቤት ነበር፤ ፋሽኑ ሲያልፍ ሹሉን በጡብ ሞልተው ቀጥ ያለ ፓራፔት አደረጉት። እነዚህ ቤቶች ብዙውን ጊዜ በጥንድ ይሠሩ ነበር፣ በመካከላቸው አንድ ግዙፍ የጋራ ጭስ መውጫ ይዘው። ምልክቶቹ እነሆ፦ ምድጃዎቹ በግድግዳው መሃል ሳይሆን በክፍሉ ጥግ ናቸው፤ ጣሪያው ከላይ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ የላይኛው ወለል መስኮቶች ከታችኞቹ ጋር በደንብ አይሰለፉም፤ በፓራፔቱ አጠገብ የጡቡ ቀለም ይለወጣል። ሦስቱ ከተገኙ ሥራውን አቁሙና ጣሪያው ውስጥ ገብታችሁ እንጨቱን ተመልከቱ። በእጃችሁ ያለው ከሚገመተው በላይ ብርቅ ነው።

ፈቃድ

በአየርላንድ በተጠበቁ ሕንፃዎች መዝገብ ላይ የሰፈረ ቤት ጥበቃው ለፊቱ ብቻ አይደለም። በ2000 የወጣው የፕላንና ልማት ሕግ የቤቱን ውስጥ፣ ግቢውን፣ በግቢው ያሉትን ሌሎች ግንባታዎችና ውስጣቸውን ጭምር ይጠብቃል። ለሌላ ቤት ፈቃድ የማይጠይቅ ሥራ እዚህ የቤቱን ባሕርይ የሚነካ ከሆነ ይጠይቃል። የሚቀለው መንገድ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 57 መሠረት ከከተማው ምክር ቤት የጽሑፍ መግለጫ መጠየቅ ነው፤ መግለጫው የትኛው ሥራ ፈቃድ እንደሚያስፈልገውና የትኛው እንደማያስፈልገው ለይቶ ይነግራችኋል፣ ለምክር ቤቱ የተሰጠውም ጊዜ 12 ሳምንት ነው። ለጥንድ ቤት ሁለት መግለጫ ጠይቁ፤ የ85ቱ ለ86ቱ አይሠራም። የ2024 አዲሱ ሕግ ይህን በየደረጃው እየተካ ስለሆነ ከማመልከታችሁ በፊት ከምክር ቤቱ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። ለጥገና የመንግሥት ድጎማ ካሰባችሁም ሥራ ሳይጀመር ጠይቁ።

ጥበቃው በቀላሉ አልመጣም። በ1960ዎቹ የመንግሥቱ የመብራት ኃይል ድርጅት ለቢሮው ሲል በሎወር ፊትዝዊሊያም ጎዳና 16 ቤቶች በአንድ ረድፍ አፈረሰ፤ በከተማው ረጅሙ የጆርጂያን ጎዳና መስመር ተበጣጠሰ። ስለዚህ የምክር ቤቱ ሠራተኛ ስለ አንድ የመስኮት ክፈፍ ሲሟገት ብትሰሙ አይግረማችሁ። ቤት አንዴ ሲፈርስ ብቻ ሳይሆን ቀስ በቀስ ቁራሽ በቁራሽም ያልቃል።

ከጣሪያ ወደ ታች

የጥገናው ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከዚህ የሚያፈነግጥ ሥራ ገንዘብ ማባከን ነው። ከፓራፔቱ ጀርባ ያለው ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ሹል ሲሆን በመካከሉ ሸለቆ አለው። በፊት በኩል የሚወርደው ውሃ ከፓራፔቱ ጀርባ ባለው አሸንዳ ይሰበሰባል፤ በብዙ የደብሊን ቤቶችም በእርሳስ ብረት በተለበጠ የእንጨት ቦይ በጣሪያው ሆድ ውስጥ አልፎ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ያ ቦይ ከመኝታ ክፍሉ ኮርኒስ በላይ በቀጥታ ይተኛል። ቅጠል ወይም የወፍ ላባ ሲዘጋው ውሃው ወደ ውስጥ ይፈሳል፣ ጠብታው ግን እንጨቱን እየተከተለ ሄዶ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቦዩ ባለበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቅጠል ረግፎ ሲያበቃና በጸደይ፣ ቦዩን ጥረጉ፤ ከዚያም ባልዲ ውሃ ከአንዱ ጫፍ አፍስሱና በሌላው ጫፍ ሲወጣ ተመልከቱ።

እርሳሱ የሚሰነጠቀው ስለሚያረጅ ብቻ አይደለም። በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይኮማተራል፤ ቁራጩ ረጅም ከሆነና በሁለቱም ጫፍ በምስማር ከታሰረ መላወሻ አጥቶ ይቀደዳል። ለግድግዳና ለጭስ መውጫ መጋጠሚያ የሚውል አንድ ቁራጭ ከ1.5 ሜትር አይብለጥ። ስንጥቁን በሬንጅ መለጠፍ ጊዜያዊ መፍትሔ እንኳ አይሆንም፤ ከሥሩ ውሃ ያቁራል፣ ቀጣዩን ጠጋኝም ያሳስታል።

በጥንድ ቤት ዋናው ወጥመድ የጋራው ጭስ መውጫና የጋራው ግድግዳ አናት ነው። የአንዱ ባለቤት የራሱን ጎን ብቻ ያድሳል፣ ውሃው በሌላኛው ጎን ይገባል፣ እርጥበቱም በታደሰው ቤት ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ስካፎልዲንግ (የሠራተኞች መቆሚያ) ሲቆም ለሁለቱም ጎን ይቁም፤ ወጪውም ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን።

እርጥበት ሲገኝ እንጨቱን በእርጥበት መለኪያ ውጉት። እስከ 16 ከመቶ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከ20 ከመቶ ካለፈ ደረቅ መበስበስ የሚባለው ፈንገስ ሊይዘው ይችላል። ያው መለኪያ በልስን ላይ ሲሆን ግን ግድግዳው ውስጥ ያለውን ጨው እንደ ውሃ ስለሚቆጥር ቁጥሩን አትመኑት። በመለኪያ ተማምነው ወፍራም የጆርጂያን ግድግዳ በስተው መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ግን የተዘጋ አሸንዳ መክፈት፣ ከግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ማንሣትና ዓመት ያህል ታግሦ ማድረቅ ነው።

ጡብና ኖራ

የጡቡ ግድግዳ ርዝመቱና ግንባሩ በየተራ የሚታይበት አደራደር አለው። ግንባሩ የሚታየው ጡብ ግን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚያስር አይደለም፤ ውዱን ጡብ ለመቆጠብ ግማሹን ሰብረው የለጠፉበት ቤት ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት የፊቱ ንብርብር ከኋላው ተለይቶ ወደ መንገዱ ሊያብጥ ይችላል። በጡጫ መታ መታ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከመጋጠሚያ ሥራ በፊት መሐንዲስ ጥሩ።

የደብሊን ጡብ ለስላሳ ነው። በውስጡ ያለው ውሃ መውጫ የሚያገኘው በአብዛኛው በኖራው መጋጠሚያ በኩል ነው። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲሞላ ውሃው በጡቡ ፊት ለመውጣት ይገደዳል፣ በብርዱ ወራት በረዶ ይሆናል፣ ጡቡም ፊቱን እየላጠ ይረግፋል። ሲሚንቶው ግን እንዳለ ይቀራል፤ ጡቡ ጎድጉዶ መጋጠሚያው ወደ ውጭ ከወጣ ምክንያቱ ይህ ነው።

መጋጠሚያውን ስታድሱ ጤነኛውን ኖራ አትንኩ። የላላውን ብቻ በቀጭን መሮና በመዶሻ አውጡ፤ ግራይንደር የጡቡን ጠርዝ አንድ ጊዜ ከነካ መመለሻ የለውም። ጥልቀቱ የመጋጠሚያው ውፍረት ሁለት እጥፍ ይሁን፣ ከ15 ሚሊ ሜትርም አይነስ። በብሩሽ ጥረጉ፣ ከታች ሳይሆን ከላይ ጀምራችሁ ውሃ እርጩ፤ ደረቅ ጡብ የሞርታሩን፣ ማለትም የኖራና የአሸዋ ቅይጡን፣ ውሃ መጦ ያከስመዋል። ለተለመደ ፊት ለስላሳ የተፈጥሮ ሃይድሮሊክ ኖራ (በውሃ የሚጠነክር) አንድ እጅ፣ በደንብ የተለያየ መጠን ያለው ንጹሕ አሸዋ ሁለት ተኩል እጅ፣ በአካፋ ሳይሆን በመስፈሪያ። ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አትሥሩ። ሲያልቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑትና ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አታድርቁት።

የአየርላንድ ግንበኞች ዊጊንግ የሚሉት አሠራር ግን ሌላ እጅ ይፈልጋል። ጡቡ ያልተስተካከለ ሆኖ ሳለ ከሩቅ እንደ መስመር ቀጥ ያለ ነጭ ስፌት የሚያሳዩት ቤቶች በዚህ የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያ በመጋጠሚያው መሃል ነጩ የኖራ ሞርታር ትንሽ ወጣ ብሎ ይሞላል፣ በማስመሪያ እየተመራም በቀጭኑ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያ የጡቡን ቀለም የያዘ ሞርታር ከላይና ከታች እስከ ነጩ ጠርዝ ድረስ ይጠጋጋል፤ የጡቡ ሸካራ ጠርዝ በዚህ ይደበቃል። የእንግሊዞቹ አሠራር ቅደም ተከተሉ ተቃራኒ ነው፦ ቀለሙ ቀድሞ፣ ነጩ ከላይ ይመጣል። በቤታችሁ ላይ የትኛው እንዳለ ለማወቅ በዝናብ ያልተመታ ቦታ፣ ለምሳሌ ከበሩ አጠገብ ወይም ከአሸንዳ ቱቦ ጀርባ፣ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። ነጩ በቀለሙ መካከል ሥር ይዞ ወደ ውስጥ ከገባ ዊጊንግ ነው፤ በቀለሙ ላይ ተለጥፎ ከተቀመጠ ሌላው ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ናሙና አሠርታችሁ ካልደረቀ ቀለሙን አትፍረዱ። ጥንዱ ቤት ላይ አንዱ ዊጊንግ ሆኖ ሌላው ተራ መጋጠሚያ ከሆነ ደግሞ ለማመሳሰል አትቸኩሉ፣ ልዩነቱ ራሱ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

መስኮቱ

የእነዚህ ቤቶች መስኮት ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ክፈፎቹን የሚያመዛዝኑት በጎን ሳጥን ውስጥ በገመድ የተንጠለጠሉ የብረት ክብደቶች ናቸው። አሮጌው መስኮት የሚጣለው ብዙ ጊዜ ገመዱ ስለተበጠሰ ወይም በቀለም ስለተጣበቀ ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ይጠገናሉ። ከ1960ዎቹ በፊት የተቀባ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቅ አትፈግፍጉት፣ በእሳትም አታቃጥሉት፤ እያረጠባችሁ ሥሩ።

በውስጥ በኩል ክፈፉን የያዘውን ቀጭን እንጨት ከመሃሉ ጀምራችሁ ንቀሉ፤ ከጫፉ የጀመረ ይሰብረዋል። ገመዱን ከመቁረጣችሁ በፊት በእጃችሁ ያዙት፣ አለበለዚያ ብረቱ በሳጥኑ ውስጥ ወርዶ የታችኛውን እንጨት ይሰብራል። የታችኛው ክፈፍ ከወጣ በኋላ መለያውን እንጨት አውጡና የላይኛውን አውርዱ። በጎኑ መቃን ታች ትንሽ መክፈቻ አለ፤ በቀለም ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ ፈልጉት። ብረቶቹ የሚወጡት በዚያ ነው።

ክፈፉን ከነመስታወቱ መዝኑ። ለላይኛው ክፈፍ የሁለቱ ብረቶች ድምር ከክፈፉ ትንሽ ይክበድ፣ ወደ ላይ እንዲጎትተው፤ ለታችኛው ትንሽ ይቅለል፣ ተዘግቶ እንዲቀመጥ። በሰም የታሸ የጥጥ ገመድ ተጠቀሙ። ርዝመቱን የምታረጋግጡት የታችኛውን ክፈፍ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋችሁ ነው፦ ብረቱ ከሳጥኑ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ወለሉን ከነካ ገመዱ ይላላል፣ መስኮቱም በእጅ ላይ ይወድቃል። የበሰበሰ የታች እንጨት ካለ እስከ ጤነኛው ድረስ በሰያፍ ቁረጡና በተመሳሳይ እንጨት፣ ጭረቱን አስተካክላችሁ ቀጥሉ። የሚወዛወዝ ምስል የሚያሳየው አሮጌው መስታወት ካለ እንደ ዕንቁ ያዙት፤ የፊቱን መልክ የሚሰጠው እሱ ነው።

የማይቆረጥ ግድግዳ

በላይኛው ወለል ላይ በእጅ ሲመቱት ባዶ የሚመስል ቀጭን የእንጨት ግድግዳ ታገኛላችሁ። ክፍል መለያ ብቻ ነው ብሎ በር መክፈት የተለመደ ስሕተት ነው። ከሥሩ ያለው ሳሎን ሰፊ ስለሆነ ግንበኞቹ በዚህ ግድግዳ ልስን ውስጥ ሰያፍ እንጨት ደብቀው እንደ ድልድይ አድርገውታል፤ ከላይ ያለውን ወለል ይሸከማል፣ ከታች ያለውንም ያንጠለጥላል። ሰያፉ ሲቆረጥ ወለሉ ወዲያው አይወድቅም፤ ቀስ እያለ ይረግባል፣ ከሥሩ ያለው የተቀረጸ ኮርኒስም ይሰነጠቃል። ከመቁረጥ በፊት በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብታችሁ እዩ።

ወለሉ በየት በኩል እንደታሰረ ለማወቅ ሳንቃውን መንቀል አያስፈልግም፤ ምስማሮቹን ተከተሉ። የምስማሩ መስመር የሚያሳየው ከሥር ያለውን ተሸካሚ እንጨት አቅጣጫ ነው። መስመሩ ከፊቱ ግድግዳ ጋር ትይዩ ከሄደ እንጨቶቹ ያረፉት በጋራው ግድግዳ ላይ ነው፤ የፊቱን ግድግዳ የያዘው ወለል የለም ማለት ነው፣ ለማበጥም ይቀለዋል። በጥንድ ቤት በጋራው ግድግዳ ውስጥ የተሰኩት የሁለቱም ቤት እንጨቶች ጫፎች ሊቀራረቡ ስለሚችሉ አንዱ ሲበሰብስ ሌላውን መመርመር ግድ ነው።

ስንጥቅ ካገኛችሁ ጫፎቹን በእርሳስ አስምሩ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ስፋቱን በሚሊ ሜትር መዝግቡ፤ በየወሩ እየለካችሁ አንድ ዓመት ጠብቁ። በሞቃቱ ወራት እየተከፈተ በብርዱ ወራት የሚዘጋ ስንጥቅ ሌላ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰፋ ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው መሐንዲስ ይጠይቃል፣ ለዚያውም በእነዚህ ቤቶች የሠራ።